የግሪል ቦይ የራሱን ጥርስ ይፈልጋል

ድሬ ዳዋ ላይ የከሰል ጥብስ የማታ ምግብ ነው። ቀኑን ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ሥር የዋለ ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ከዚራም ሆነ ወደ መጋላ ሰፈር ይወጣል፤ የፍየል ሥጋውም ፍም ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። ጠዋት ደግሞ ካፌዎቹ ውስጥ ሥራ የሚበዛበት የሳንዱች ማሽኑ ነው፤ ዳቦውን ከላይና ከታች ጨምቆ መስመር መስመር የሚያወጣለት፣ ውስጡ በሸንተረር የተሞላ የኤሌክትሪክ መጥበሻ። ፍሙ ላይ የሚጣደው ፍርግርግና ካፌ ውስጥ ያለው ማሽን በዋጋም በአሠራርም አይገናኙም። የሚጋሩት ችግር ግን አንድ ነው፦ ስቡ በሸንተረሮቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ይቀራል፣ በእጃችን ያለው ማጽጃ ደግሞ ሸንተረሩን እንጂ ቦዩን አይደርስበትም።

ቦዩ ውስጥ የሚቀረው ነገር እንዴት እንደሚጠነክር ማወቅ መሣሪያውን ለመምረጥ ይጠቅማል። ስብ ሲሞቅ ይቀልጣል። ብረት ላይ በስሱ ተለቅልቆ ደጋግሞ ሲሞቅ ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠነክርና ቫርኒሽ የመሰለ ሽፋን ይሆናል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽም የሚሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ግሪል ላይ የሚታይ ጥቁረት ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። በጥፍር ሲጭሩት የማይነሳው ስስና ለስላሳ ጥቁር ሽፋን ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ሥጋውም እንዳይጣበቅ ይረዳል። ይህን ጭምር ብረቱ እስኪያብለጨልጭ የፋቀ ሰው በማግስቱ ዝገትና የሚጣበቅ ሥጋ ይጠብቀዋል።

መነሳት ያለበት ሌላው ነው፦ በሸንተረሮቹ መካከል የሚከማቸው የስብ፣ የሥጋ ጭማቂ፣ የአዋዜና የጨው ክምር። በየቀኑ ሲደራረብ ከስሎ ይሰነጣጠቃል፤ ፍርፋሪውም የሚቀጥለው ሥጋ ላይ ይለጠፋል፣ ምሬቱም ምላስ ላይ ይታወቃል። ገና ያልከሰለው ስብ ደግሞ ፍም ሲያገኘው ይነድዳል። ስብ ፍም ላይ ተንጠባጥቦ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁ እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉ ኬሚካሎችን ይይዛል። የትናንቱ ስብ ዛሬ እንደገና እንዲጨስ መተው በዚህ ጭስ ላይ ሌላ ጭስ መጨመር ነው።

ድሬ ዳዋ ላይ ነገሩ ከጣዕምም ከጤናም አልፎ ወደ እምነት ይገባል። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ በሆነበት ከተማ የአንዱ ፍርግርግ ለሌላው እንደማይውል ሁሉም ያውቃል። የካፌው ማሽን ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በዐቢይ ጾም የአትክልት ሳንዱች ያዘዘች እናት ትናንት አይብና እንቁላል በተጠበሰበት ማሽን መሃል ዳቦዋ እንደሚጨመቅ አታስብም። ላዩ በጨርቅ ተጠርጎ ያብረቀርቃል። ቦዩ ውስጥ የቀረው አይብ ግን ማሽኑ ሲግል ይለሰልስና ዳቦው ላይ ይነካል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር የለም፤ እሷም አላየችም። ቦይ የሚያጸዳ መሣሪያ ያስፈልጋል የምለው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ጾመኛ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሲያዝ ጾሙን ለማብሰያ ቤቱ አደራ ሰጥቶ ነው፤ አደራው ደግሞ እስከ ቦዩ ድረስ ይወርዳል።

ብዙ ቦታ የሚታየው መፍትሔ የሽቦ ብሩሽ ነው፤ ለዝገትና ለቀለም ማንሻ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ማለት ነው። ይህ ብሩሽ ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ የሽቦዎቹ ጫፍ ሸንተረሩን ሲመታ ይታጠፋል፣ ቦዩ ውስጥም ገብቶ ለመፋቅ ጉልበት አይኖረውም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ሽቦዎቹ በጊዜ ብዛት ይነቀላሉ። የተነቀለ ሽቦ ትንሽና ቀጭን በመሆኑ ጥቁር ፍርግርግ ላይ አይታይም፣ ከሥጋው ጋርም ይዋጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ በሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የሆስፒታሎች ማዕከል ብቻ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ሰዎች በዚህ ምክንያት መታከማቸውን ጽፏል። የአንዳንዶቹ ጉሮሮ ተወግቷል፤ አንጀታቸው ተበስቶ ለአስቸኳይ ቀዶ ጥገና የበቁም ነበሩ። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በመላ አሜሪካ ከ1,600 በላይ ሰዎች ለድንገተኛ ክፍል እንደበቁ ገምተዋል። እኛ ዘንድም ጥብስ በእጅ ተጎርሶ፣ ለወዳጅም በጉርሻ ተሰጥቶ የሚበላ ስለሆነ ሽቦው ሳይታይ ወደ አፍ ሊገባ ይችላል። የዕቃ ማጠቢያው ሽቦም ሲያረጅ እየተበጣጠሰ ቦዩ ውስጥ ስለሚቀር ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም።

የሚሻለው መሣሪያ መፋቂያ ነው፦ ጠርዙ ጥርስ ያለው፣ ጥርሱም ልክ እንደ ቦዩ የሆነ፣ እጀታው ረዘም ያለ። ከአንድ ጠንካራ ቁራጭ ስለሚሠራ የሚነቀል ነገር የለውም። ውጭ አገር በፋብሪካ ይመረታል። ከውጭ የመጣው ግን ለሌላ ሰው ግሪል ልክ ተብሎ የተሠራ ነውና እዚህ ብየዳ ቤት በተበየደ ፍርግርግ ላይ አይገጥምም። እንዲገጥም ከተፈለገ ማሠራት ነው፤ ድሬ ዳዋ ደግሞ ለዚህ የሚቸገር ከተማ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረ፣ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ለትውልዶች በያጅና መካኒክ ያፈራበት ከተማ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ብረትም አይፈልግም። የእንጨት መፋቂያ ጥርሱን የሚያወጣለት ግሪሉ ራሱ ነው። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 10፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የጠንካራ እንጨት ጣውላ ይበቃል። አናጢው አንዱን ጫፍ እንደ መጥረቢያ ስለት ሰያፍ አድርጎ ያሳሳዋል፣ ሌላውን ጫፍ ለእጅ እንዲመች ያጠበዋል። ከዚያ ፍርግርጉ በደህና ፍም ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይግላል። የሳሳው ጠርዝ በብረቶቹ ላይ አግድም ይቀመጥና ጫን ብሎ ወደፊትና ወደኋላ ይነዳል። እንጨቱ ብረቱ የነካው ቦታ ላይ መጨስ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ሲነሳ ጠርዙ ላይ ልክ የብረቶቹን ያህል ተራርቀው የተቃጠሉ ትንንሽ ሰርጦች ይታያሉ። በሰርጦቹ መካከል ሳይቃጠል የቀረው እንጨት ጥርስ ሆነ ማለት ነው። ጫፉ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ፍንጣሪው ይጠፋል፣ ከሰሉ ይራገፋል፣ እንደገና ይነዳል። በሚቀጥሉት ቀናት ለማጽዳት በተጠቀሙበት ቁጥር ሰርጡ እየጠለቀ፣ ጥርሱም ወደ ቦዩ እየወረደ ይሄዳል። ጥርስ መፋቂያ እንጨት ሲታኘክ ጫፉ ለአኛኪው ጥርስ እንደሚስማማ ሁሉ ይህም ለአንድ ግሪል ብቻ የተስማማ ይሆናል። በእጅ የተበየደ ፍርግርግ ብረቶቹ እኩል ስለማይራራቁ ግን የመፋቂያው አንድ ፊት በቢላ ምልክት ይደረግበት፤ ነገ ተገልብጦ ቢያዝ አይገጥምም።

የእንጨቱ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግለቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወጣዋልና። ወይራ፣ ግራርና ቁርቁራ ጥሩ ናቸው፤ ጥቅጥቅ ያሉና ቶሎ የማይነድዱ። ጥድ ሙጫው ይጨሳል፣ ሽታውም ሥጋ ላይ ይቀራል። ቺፕውድና ኮምፔንሳቶ በሙጫ የተያዙ ስለሆኑ ጨርሶ አይሞከሩም፤ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው የአሮጌ ዕቃ እንጨትም እንዲሁ። ከመብራት ምሰሶ የተቆረጠ ቁራጭ ደግሞ ምስጥ እንዳይበላው በመርዛማ ኬሚካል የተነከረ ነው፤ የትም ቢገኝ ወደ ማብሰያ አይጠጋም።

የብረቱ መፋቂያ የሚያስፈልገው ለዓመታት የተከመረ ነገር ላለበት ወይም ቦዩ ጠባብና ጥልቅ ለሆነ የብረት ግሪል ነው። ብየዳ ቤት ሲኬድ ዋናው ነገር ልኩን ይዞ መሄድ ነው። ግሪሉ ሲቀዘቅዝ ወፈር ያለ ወረቀት ይለበስበትና በከሰል ይታሻል፤ ሸንተረሮቹ ጠቁረው ይወጣሉ፣ ርቀታቸውም ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ለጥልቀቱ እርጥብ ጭቃ ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ በፌስታል ላይ አድርጎ ቦዩ ውስጥ መጫን ነው፤ ሲነሳ የቦዩን ቅርጽ ይዞ ይመጣል። በዚያ ልክ ባለሙያው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በግራይንደር ይቆርጥና በሞረድ ያስተካክለዋል። ጥርሱ ከቦዩ በጣም ትንሽ፣ በግራና በቀኝ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መጥበብ አለበት፣ አለዚያ ይጣበቃል። የጥርሱ ማዕዘኖችም መድበስበስ አለባቸው፤ ሹል ማዕዘን ብረቱን ይጭራል፣ ጭረቱም ነገ ስብ የሚይዝ አዲስ ቦይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥርሱ ብዛት ነው። መፋቂያው የግሪሉን ወርድ ሁሉ ይሸፍን ብሎ ያዛል። ባለሙያው በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስት አሥረኛው ጥርስ ላይ ስህተቱ አምስት ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ያ ጥርስም ቦይ ሳይሆን ሸንተረር ላይ ይወጣል። አራት ወይም አምስት ጥርስ ይበቃል። ሌላው ለቢላ ጥሩ ነው ተብሎ የሚመጣው የመኪና ባሌስትራ ነው። ለዚህ ሥራ ከልክ በላይ ጠንካራ ነው፤ በሞረድ ለመቅረጽ ያስቸግራል፣ ግሪሉንም ይቧጭራል። ሊያልቅ የሚገባው መፋቂያው እንጂ ግሪሉ ስላልሆነ ለስለስ ያለ ተራ ብረት ይሻላል።

ለሳንዱች ማሽኑ ብረት አይቀርብም። ብዙዎቹ ሳህናቸው አሉሚኒየም ሆኖ በማያጣብቅ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ሽፋኑ አንዴ ከተቧጨረ አይመለስም። ለእሱ እንጨቱ ነው፣ ጥርሱም በማቃጠል ሳይሆን በወረቀቱ ልክ በመጋዝና በሞረድ ይወጣለታል። ማሽኑ ይነቀል፣ ሙቀቱ ለብ እስኪል ይጠበቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ሳህኖቹ መሃል ይቀመጥና ለጥቂት ደቂቃ ይከደን። እንፋሎቱ አይቡን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በየቦዩ መንዳት ነው።

በፍሙ ግሪል ላይ ሰዓቱ ከጉልበት ይበልጣል። የመጨረሻው ሥጋ ሲነሳ ፍሙ ገና ሳይሞት አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ የቀረው ስብ ሲለሰልስ መፋቅ፣ ከዚያ ዘይት በነካ ጨርቅ በስሱ ማበስ። ማልዶ በቀዝቃዛው ብረት ላይ የሚታገል ልጅ እጥፍ ይለፋል። በጋለ የብረት ሳህን ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ውኃና ሳሙና ብቻውን ብዙ የማይረዳበት የድሬ ዳዋ ምክንያት አለ። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎቿ ጥሬ ዕቃ የሆነው የኖራ ድንጋይም ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ያ ነው። እንዲህ ባለ ውኃ ሳሙና አረፋ አያወጣም፤ ከኖራው ጋር ተያይዞ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሠራል፣ እሱም ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል። የእናቶቻችን አመድ እዚህ ላይ ይበልጣል። በውኃ የተለወሰ የእንጨት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ ስቡን ራሱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። በቀዘቀዘ የብረት ግሪል ላይ ተለቅልቆ ትንሽ ሲቆይ መፋቂያው በቀላሉ ይሄዳል። አሉሚኒየምን ግን አመድ ያጠቁረዋል። ሎሚና አቼቶ ሥራቸው ሌላ ነው፣ ነጩን የኖራ ቅርፊት ያነሳሉ እንጂ የከሰለ ስብ አይነኩም። ከአመድ ጋር ቢቀላቀሉ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል፤ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀሉ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ፍርግርጉን ገና ለማሠራት ያሰበ ሰው ግማሹን ድካም ከአሁኑ ሊያስቀር ይችላል። ፌሮ በዙሪያው ቅርጭት ስላለው እያንዳንዱ ቅርጭት ስብ ይይዛል፤ ለስላሳው ክብ ብረት፣ ቶንዲኖው፣ ይሻላል። ጋልቫናይዝድ የሆነ ሽቦም ሆነ ቧንቧ ሲግል ከዚንክ ልባሱ ጎጂ ጭስ ሊያወጣ ስለሚችል ምግብ ላይ አይውልም። በያጁ በብረቶቹ መካከል አንድ ቁራጭ እንጨት እንደ ልክ እያስገባ ቢበይድ ርቀቱ ሁሉ እኩል ይሆናል። መፋቂያውንም ያን ጊዜውኑ፣ በዚያው ልክ፣ ከዚያው ላሜራ ቢያስቆርጡት ለብቻው ከማሠራት ይረክሳል።