መጠኑ ገበያ ላይ የማይገኝ ጡት መያዣ፦ በይፋት ቆላ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የአንገትና የትከሻ ሕመም፣ የላይኛው ጀርባ መወጠር፣ ከጡት ሥር የሚወጣ ማሳከክና መላላጥ በተመላላሽ ሕክምና ክፍሎቻችን ከሴቶች በተደጋጋሚ የምንሰማቸው አቤቱታዎች ናቸው። ምላሻችን አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ወይም ቅባት ነው። ይሁንና ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ሕመሙን ያመጣውን ወይም ያባባሰውን ነገር ለብሰው መጥተው ለብሰውት ይመለሳሉ። ይኸውም በልካቸው ያልሆነ ጡት መያዣ ነው።

ጉዳዩ ቀላል የልብስ ጉዳይ መስሎ ስለሚታይ በሕክምና ትምህርታችን ውስጥ እምብዛም ቦታ አልተሰጠውም። ታካሚዋም በኀፍረት አታነሣውም። በተለይ ጡቷ ትልቅ ሆኖ ደረቷ ቀጭን የሆነ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ በቀዶ ሕክምና አንድ ጡቷ የተወገደ ሴት በአካባቢያቸው ገበያ ልካቸውን ለማግኘት ይቸገራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያው በአንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ እነዚህን ሴቶች እንዴት ሊረዳና ወዴት ሊመራ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

የቆላው ሁኔታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በደጋው ቀለል ያለ ችግር የሚመስለው ነገር በዚህ ሙቀት ይባባሳል። ከጡት ሥር ያለው የቆዳ እጥፋት በላብ ይርሳል፣ ቆዳ ከቆዳ ጋር ይፋተጋል፣ በረጠበውና በተላላጠው ቦታ ላይ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ይራባል። በሕክምናው ቋንቋ ኢንተርትራይጎ የሚባለው ይህ መቆጣት በክሎትሪማዞል ቅባት ይሻላል። ነገር ግን ጡቱ ከደረት ቆዳ ላይ ተነሥቶ ካልተደገፈና እጥፋቱ አየር አግኝቶ ካልደረቀ ተመልሶ ይመጣል። በተደጋጋሚ የሚመላለስ ከሆነም የደም ስኳር መለካት ይገባል።

በዚህ ላይ አንዲት እናት ማሽላና ማሾ ስታጭድ ወይም ስታርም ረጅም ሰዓት አጎንብሳ ትውላለች። ያልተደገፈ ከባድ ጡት ያን ጊዜ ወደ ፊት ይጎትታል፤ የአንገትና የጀርባ ጡንቻዎችም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲታገሉ ይውላሉ። አንዳንድ እናቶች ጡታቸውን በነጠላ ወይም በመቀነት አጥብቀው ያስራሉ። ይህ ጡቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አያነሣውም፤ በሚያጠቡት ላይ ደግሞ የወተት ቧንቧ እንዲዘጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩና ፊደሉ ምን ይናገራሉ?

በ1914 እ.ኤ.አ. ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች አሜሪካዊት ለጡት መያዣ የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ስታገኝ ልብሱ የዛሬው ዓይነት የፊደል መለኪያ አልነበረውም። የጡትን መጠን ከኤ እስከ ዲ ባሉት ፊደላት መለየት የጀመረው ኤስ. ኤች. ካምፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በልብሱ ላይ የሚታተሙት ሁለት ምልክቶች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራሉ። ቁጥሩ ከጡት ሥር ያለውን የደረት ዙሪያ ሲያመለክት፣ ፊደሉ ጡቱ ከደረቱ ምን ያህል እንደሚወጣ ያመለክታል። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ የሚለካው ደረትን እንጂ ጡትን አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ልዩነት በገበያ ላይ ሲጠፋ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ልክን የሚገምቱት በዓይን ነው፤ የሚጠሩትም ቁጥሩን ብቻ ነው። ጡቷ ትልቅ የሆነች ሴት ስትመጣ 40 ቁጥር ያቀርቡላታል። ይህች ሴት ደረቷ 34 ቁጥር የሚበቃው ከሆነ ግን ማሰሪያው በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋታል። የጡትን ክብደት በዋናነት መሸከም ያለበት በደረት ዙሪያ የሚያልፈው ማሰሪያ ነው። እርሱ ሲላላ ከኋላ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ክብደቱም ሁሉ በሁለት ቀጫጭን የትከሻ ማንጠልጠያዎች ላይ ይወድቃል። በትከሻ ላይ የሚታየው ጥልቅ ሰርጥ፣ የአንገቱ ሕመም፣ ከጡት ሥር የማይለቀው እርጥበት ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

የሀገራት የቁጥር አሰጣጥ አለመመሳሰልም ሌላ መሰናክል ነው። በአውሮፓ መለኪያ 70፣ 75፣ 80፣ 85 እና 90 የሚባሉት በእንግሊዝና በአሜሪካ መለኪያ 32፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40፣ በፈረንሳይ መለኪያ ደግሞ 85፣ 90፣ 95፣ 100 እና 105 ናቸው። ከቻይና በሚመጡት ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 34 እና 75፣ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ፊደላቱም ከዲ በኋላ ይለያያሉ፤ በአውሮፓ ኢ የሚባለው በእንግሊዝ ድርብ ዲ ነው።

አለካክ

ልኬቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በመጋረጃ በተከለለ ቦታ፣ በሴት ባለሙያ፣ በታካሚዋ ፈቃድ፣ ካስፈለገም በስስ ልብስ ላይ ሊደረግ ይችላል። አስፈላጊው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

በመጀመሪያ ሜትሩ ልክ ከጡት ሥር፣ ከፊትም ከኋላም ቀጥ ብሎ ይዞርና ሴትዮዋ አየር ስታስወጣ ጠበቅ ተደርጎ ይነበባል። የተገኘው ልኬት ወደሚቀርበው አምስት ቤት ይጠጋጋል፤ 73 ወይም 74 ቢሆን 75 ይባላል። ቀጥሎ ሜትሩ በጡት ጫፎች ላይ ሳይጫን ይዞራል። ጡቱ የወረደ ከሆነ ታካሚዋ በእጇ ደግፋ ታንሣው። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ፊደሉን ይሰጣል። በአውሮፓ መለኪያ ልዩነቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ኤ፣ 15 ቢ፣ 17 ሲ፣ 19 ዲ፣ 21 ኢ፣ 23 ኤፍ፣ 25 ጂ ይባላል። ለምሳሌ ከጡት ሥር 74፣ በጡት ላይ 93 የተለካች ሴት ልዩነቷ 19 ስለሆነ ልኳ 75 ዲ፣ ማለትም 34 ዲ ነው።

ልኬቱ ግምት ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚወስነው ልብሱን ለብሶ መሞከር ነው። አዲስ ጡት መያዣ በመጨረሻው ሰፊ መንጠቆ ሲታሰር መያዝ አለበት፤ ላስቲኩ እየላላ ሲሄድ ወደ ጠባቡ መንጠቆ ይኬዳል። ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ብቻ ሊገባ ይገባል። ጡቱ ከላይ ወይም ከጎን ከፈሰሰ ፊደሉ ትንሽ ነው፤ ጨርቁ ከተሸበሸበ ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከኋላ ወደ ላይ ከሸሸ ቁጥሩ ትልቅ ነው።

ከየት ይገዛ?

ከሁሉ አስቀድሞ ልኩን በወረቀት ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። ቁጥሩን በሁለቱም መለኪያ፣ ፊደሉን በልብሱ ላይ እንደሚታተመው በላቲን ፊደል በትልቁ መጻፍ ይበጃል። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ወረቀቱን ከልብሱ ምልክት ጋር አስተያይታ ትገዛለች።

የመጀመሪያው ቦታ የራሷ ገበያ ነው። በሸዋ ሮቢት ሱቆች፣ በአጣዬ ወይም በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ትክክለኛው ልክ ባይገኝም ተቀራራቢው ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር አለ፤ ቁጥሩ አንድ ደረጃ ሲጨምርና ፊደሉ አንድ ደረጃ ሲቀንስ የጡቱ ማቀፊያ መጠን አይለወጥም። 75 ዲ ያጣች ሴት 80 ሲ ብትገዛ ማቀፊያው ይበቃታል፤ የሚሰፋት ማሰሪያው ብቻ ነው። ማሰሪያውን ደግሞ የገበያው ልብስ ሰፊ ከኋላ በግራና በቀኝ እኩል ቆርጦ ያጠብበዋል። ከአንድ ወገን ብቻ ከተቆረጠ ማንጠልጠያው ስለሚዛባ ይህ ለሰፊው መነገር አለበት።

ሁለተኛው ቦታ ራሱ ልብስ ሰፊው ነው። ለኤፍና ከዚያ በላይ ለሆኑት ልኮች አዲስ ማሰፋት ሊሻል ይችላል። የሚስማማት አሮጌ ጡት መያዣ ካላት እንደ ናሙና ይወሰዳል። ጨርቁ ላብ የሚመጥ ጥጥ፣ የትከሻው ማንጠልጠያ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የሥሩ ማሰሪያ ሰፊ ላስቲክ፣ መንጠቆው ሦስት ረድፍ ቢሆን ይመረጣል። ሽቦ አያስፈልገውም። በቆላ ላብ ምክንያት በየቀኑ መታጠብ ስላለበት ከአንድ ይልቅ ሁለት ማሰፋት ይመከራል።

ሦስተኛው መንገድ ራቅ ያለ ገበያ ነው። ለዚህ ብሎ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ መሄድ ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ ዘመድ ግን ወረቀቱን ይዞ ሊገዛላት ይችላል። ከአካባቢው ወደ ዐረብ ሀገራት ለሥራ የሄዱ እኅቶችና ልጆች ልብስ ሲልኩም ልኩን አውቀው ቢልኩ ገንዘባቸው አይባክንም።

ልባሽ ጨርቅ፣ በተለምዶ ሰልባጅ የሚባለው፣ ብዙ ዓይነት ልክ ሊገኝበት ይችላል። ሆኖም ለንግድ ወደ ሀገር ማስገባቱ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ባለሙያው ታካሚውን ወደዚያ አይመራም። ገዝታ የመጣች ብትኖር ላስቲኩ መሥራቱን እንድታይ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባ በፀሐይ አድርቃ እንድትለብስ መምከር ይገባል።

የምታጠባ እናትና ጡቷ የተወገደ ሴት

በእርግዝናና በማጥባት ወቅት ጡትም ደረትም ይለወጣሉ። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል መጨረሻ ላይና ከወለደች በኋላ ወተቱ ሲረጋጋ ዳግም መለካት ያስፈልጋል። ከፊት የሚከፈት፣ ያለ ሽቦ፣ የማያጨናንቅ ቢሆን ይመረጣል። ጡቷ ቢቀላ፣ ቢያብጥና ትኩሳት ቢኖራት ጠባቡን ልብስ ታውልቅ፤ ማጥባቷን ግን አታቋርጥ።

ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደ ሴት ክንዷን ወደ ኋላ ለማዞር ስለምትቸገር ለእርሷም ከፊት የሚከፈተው ይሻላል። ቁስሉ እስኪድን ድረስ በንጹሕ ጥጥ የተሞላ ቀላል መተኪያ በቂ ነው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሐኪሟ ሲፈቅድ፣ ከሌላው ጡት ክብደት ጋር የሚቀራረብ መተኪያ በጡት መያዣው ውስጥ በተሰፋ ኪስ ይቀመጣል። የሲሊኮን መተኪያ ማግኘት የማትችል ሴት በጥጥ ከረጢት መካከል የደረቀ ማሾ በትንሽ ስፌት አስገብታ ክብደት ልትሰጠው ትችላለች። እህሉ እርጥበት ስለሚስብና ስለሚነቅዝ በየጊዜው መለወጥ፣ ሲታጠብም መውጣት አለበት። ቀሚሷ በሁለቱም ወገን እኩል ሲቆምላት ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ ለመመለስ ድፍረት ታገኛለች።

ጡት መያዣ የማይፈታው

በ2000 እ.ኤ.አ. በአንድ የጡት ሕክምና መጽሔት ላይ በታተመ ጥናት የጡት ሕመም ከነበራቸው ሴቶች መካከል ደጋፊ የስፖርት ጡት መያዣ ከለበሱት 85 በመቶ፣ ዳናዞል የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ 58 በመቶ ተሽሎአቸዋል። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ የጡት አቤቱታ በልብስ ይፈታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመለካት በፊት መመርመር ይቀድማል። እብጠት፣ አንድ ጡት ብቻ በፍጥነት ማደግ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ በቅባት የማይድን የጫፍ ቁስል፣ የብብት ንፍፊት ያላት ሴት ልኳ ሳይሆን የሪፈር ወረቀቷ ይጻፍላት። የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነውና ቀጠሮ አይሰጠውም። ጡቷ እጅግ ከብዶ በድጋፍ የማይሻላትም ስለ ጡት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና እንድትመክር ወደ ስፔሻሊስት መላክ አለባት።

በተቃራኒው ጡት መያዣ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ስጋት ማስወገድ ያስፈልጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ ከ1,500 በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት በሁለቱ መካከል ዝምድና አላገኘም። ገንዘብ በጡት መያዣ ውስጥ መያዝም ካንሰር አያመጣም፤ በላብ የራሰ ብር ግን ቆዳን ያስቆጣልና በጨርቅ ቦርሳ ቢሆን ይሻላል።

ማጠቃለያ

በይፋት ቆላ ባሉ የጤና ተቋማት ሁሉ በእርግዝና ክትትልና በተመላላሽ ክፍል አንድ ሜትር ማንጠልጠልና የልክ ሠንጠረዡን በግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያስወጣው ወጪ አነስተኛ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህን ሊለማመዱት ይችላሉ። ከገበያው ልብስ ሰፊዎች ከአንዱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ደግሞ ባለሙያው የጻፈው ልክ በተግባር እንዲውል ያደርጋል። ለትከሻ ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ ክኒን ከማዘዛችን በፊት ታካሚዋ የለበሰችው ምን እንደሆነ እንጠይቃት።