ወደ ጣና ዳርቻ ለሚደረግ የባህል ጉዞ ወቅትን ስለ መምረጥ

ከውጭ አገር ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ለባህል ጉብኝት የሚመጡ ቤተሰቦች፣ በተለይም ልጆቻቸውን የአያቶቻቸውን አገር ለማሳየት የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ የጉዟቸውን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት በሚኖሩበት አገር ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ጊዜ ነው። ይህ የሚጠበቅ ቢሆንም አንድ ችግር አለው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሚዘጉባቸው ሁለቱ ወቅቶች ከአካባቢው ታላላቅ በዓላት ጋር ለጥቂት ቀናት ይተላለፋሉ። የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት የሚያበቃው እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት ነው። በፈረንጆች ገና የሚሰጠው ዕረፍት ደግሞ የሚጠናቀቀው የኢትዮጵያ ገና ሊከበር ጥቂት ቀናት፣ ጥምቀት ሊከበር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ወጪ አውጥቶና ረጅም ዘመን አቅዶ የመጣ ቤተሰብ በዓሉ ሲቃረብ ሻንጣውን ሸክፎ ይመለሳል።

ስለዚህ ወቅት ከመመረጡ አስቀድሞ ጎብኚው በዋናነት ምን ለማየት እንደሚመጣ መለየት ይኖርበታል። የጣና ዳርቻ ሁሉንም መስሕቦች በአንድ ወር አይሰጥም።

ፏፏቴውን ማየት ለሚሻ ጎብኚ ወሳኙ ጉዳይ ውኃ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ በመጻሕፍትና በድሮ ፎቶግራፎች እንደሚታወቀው ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አይታይም። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ መጠን ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሲባል የሚመጠን ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በዋሻ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። በመሆኑም በሚያዝያና በግንቦት ፏፏቴውን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሰፊ ጥቁር ገደልና ቀጭን ውኃ ነው። በአካባቢው በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ ከግማሽ የሚልቀው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ በመሆኑ ፏፏቴው ስሙን የሚመስለው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በነሐሴ መንገዱ ጭቃ፣ ውኃውም ደፍራሽ ነው። በመስከረም መጨረሻ ግን ዝናቡ እየቀነሰ፣ ሐይቁ ግን ገና ሙሉ ሆኖ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ ይገኛል። ለመሬቱና ለውኃው ውበት ብቻ ከሆነ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ጊዜ የሚስተካከል የለም። በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ትምህርት ቤቶች በኦክቶበር ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሚዘጉ በመሆኑ ይህ ወቅት ከዚያ ለሚመጡ ቤተሰቦች ይመቻል፤ እስካሁን ግን እምብዛም የሚጠቀሙበት አይመስልም።

በዓላትን ለማየት ለሚመጣ ጎብኚ ግን ሁለት ሰሞኖች አሉ። አንደኛው ከመስከረም 1 እስከ 17 (ከሴፕቴምበር 11 እስከ 27) ያለው፣ በእንቁጣጣሽ ተጀምሮ በመስቀል የሚደመደመው ጊዜ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የበለጸገው የጥር ወር ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጥር 11 (ጃንዋሪ 19) ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ይከበራል። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጎንደር በዓሉ በፋሲል መዋኛ የሚከበር በመሆኑ ብዙ ጎብኚዎች ከተራን በአንደኛው ከተማ፣ ተከታዩን ቀን በሌላው ለማሳለፍ ያቅዳሉ። በመንገዱ ርቀትና በበዓሉ ሕዝብ ብዛት ምክንያት ይህ ዕቅድ ከድካም በቀር ብዙ አያተርፍም፤ በአንዱ ከተማ ሦስቱንም ቀን መቆየት ይሻላል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 23 ደግሞ ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከተላሉ። ከጥር 9 እስከ 24 መቆየት የሚችል ቤተሰብ እነዚህን ሁሉ ያያል። ይህም ልጆችን ከትምህርት ገበታ ለሁለት ሳምንት ማስቀረትን ስለሚጠይቅ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ የቀን አቆጣጠሩን ልብ ማለት ይገባል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት በዓላቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቀን ይገፋሉ። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. የሚከበረውም በተመሳሳይ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይውላል። የአውሮፕላን ትኬት በአንድ ቀን ስሕተት ተቆርጦ ከተራ ያመለጠው ሰው ዳግመኛ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

የደሴቶቹንና የዘጌን ገዳማት በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የጫካው መንገድ የደረቀ ሲሆን፣ በዘጌ የቡና ለቀማ የሚካሄድበትም ወቅት ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ ክብረ በዓል የካቲት 16 (ፌብሩዋሪ 23) የሚውል በመሆኑ በዚያ ወር ዕረፍት ላላቸው ጎብኚዎች መልካም አጋጣሚ ነው። በአጽዋማት ወራት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ገደማ ጀምሮ ስለሆነ የቤተ መቅደሱን የግድግዳ ሥዕሎች ረጋ ብሎ ለማየት ማለዳ መድረስ ይመረጣል። ማለዳን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ የመልስ ጉዞው በማዕበል ይናወጣል። ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን ሳያውቁ ጀልባ ተከራይተው እናትና ሴት ልጅ በጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም እንዲሁም በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ከሐምሌና ከነሐሴ በቀር ሌላ ጊዜ የሌለው ቤተሰብም ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። መምጫውን ወደ ነሐሴ አጋማሽ ቢያስጠጋ ነሐሴ 13 የሚከበረውን ቡሄ ከነልጆቹ ያሳልፋል፤ ፏፏቴውንም በሙሉ ኃይሉ ያያል። የሐይቁን ጉዞ ግን ለቅርብ ገዳማትና ዝናብ ለማይበረታበት የጠዋት ሰዓት መወሰን ይኖርበታል።

በማንኛውም ወቅት ትኬት ከመቆረጡ በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ወቅታዊ መረጃ ከክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጀልባ ሲከራዩም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለሕፃናትም ጭምር በልካቸው፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ማረፊያን በተመለከተ ከጥምቀት ሰሞን ሌላ፣ በተለምዶ ፔዳ እየተባለ የሚጠራውን ግቢ ጨምሮ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ሳምንት የተመራቂ ቤተሰቦች ከየአቅጣጫው ስለሚገቡ በከተማዋ አልጋ ማግኘት ይከብዳል። የምርቃቱ ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ክረምት ላይ የሚመጣ ጎብኚ ዕለቱን አስቀድሞ አጣርቶ ክፍል ቢይዝ ይመከራል።