ከቆርቆሮው በታች ያለው ሙያ

በሰሜን ወሎ፣ ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሮቢት ቆላማ ከተማ ናት። በበጋ ቀትር ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት የገባ ሰው ከአናቱ የሚወርደው ወላፈን ብዙ አያስቀምጠውም። በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ግን ማረፍ ይቻላል። ፀሐይዋ አንድ ሆና ሳለ ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? ቆርቆሮውን እንደ ሣሩ ማድረግ የሚችለውስ ባለሙያ ማን ነው?

ሙቀቱ እንዴት ይገባል?

ሙቀት በሦስት መንገዶች ይጓዛል፤ በቁስ አካል ውስጥ በመተላለፍ፣ በአየር ወይም በፈሳሽ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም በጨረራ። ብረት ከደረቅ ሣር በብዙ መቶ እጥፍ የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። የቆርቆሮ ውፍረት ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ ከላይ የተቀበለውን ሙቀት ወዲያው ወደ ታችኛው ገጹ ያደርሳል፤ ከዚያም ሙቀቱ በጨረራ ወደ ነዋሪው ይወርዳል። ዝገት ችግሩን ያባብሰዋል። አዲስ ቆርቆሮ የፀሐይን ብርሃን በከፊል ሲያንጸባርቅ የዛገው አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል፤ ወደ ታች የሚለቀው ጨረራም ይበረታል።

የሣሩ ምስጢር በሰበዞቹ መካከል ታፍኖ የረጋው አየር ነው። በፋብሪካ የሚመረቱት የፋይበር ግላስ ጥጥና የፎም ሰሌዳም የሚሠሩት በዚሁ መርህ፣ ማለትም አየርን ወይም ሌላ ጋዝን በጥቃቅን ክፍተቶች አፍኖ በመያዝ ነው።

ስም ያልወጣለት ሙያ

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሣር ከዳኙ የክዳኑን ውፍረትና ተዳፋት በዓይኑ ለክቶ ያውቃል። ጭቃ የሚያቦካውና የሚመርገው ሰው የጤፍ ጭድ ሲጨምር ግድግዳው እንዳይሰነጣጠቅ ከማድረጉም በላይ ሙቀት አስተላላፊነቱን ይቀንሳል። ከማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ የሚወጥረውም ሰው ለቤቱ ውበት ብቻ የሠራ ይመስለዋል እንጂ በጨረራ ላይ ጋሻ መዘርጋቱ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ስስ ጋሻ በመርህ ደረጃ በጨረራ የሚተላለፈውን ሙቀት ወደ ግማሽ ያወርደዋል።

ችግሩ ሥራው ተበታትኖ ባለቤት ማጣቱ ነው። አናጢው ቆርቆሮውን መትቶ ይሄዳል፤ ግንበኛው ግድግዳውን አቁሞ ይሰናበታል። «ቤቱ በቀትር ይቀመጡበታል ወይ?» ብሎ የሚጠየቅ ግን የለም።

የሙያው መሰላል

በኢንዱስትሪ ውስጥ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዚሁ መንገድ በስተደቡብ እንደምትገኘው እንደ ኮምቦልቻ ባሉ የፋብሪካ ከተሞች የእንፋሎት ቧንቧ ይሸፈናል፤ የቀዝቃዛ መጋዘን ግድግዳም በፎም ሰሌዳ ይገጠማል። ጀማሪው በረዳትነት መቁረጥንና መለካትን ይማራል። ገጣሚ ሲሆን መጋጠሚያዎችን መድፈንን ያጠናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እርጥበት ከገባ የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል፣ ውኃ ደግሞ ከረጋ አየር ከሃያ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ ፎርማን፣ ሥራና ዋጋ ተማኝ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ መሆን ይቻላል። ትምህርቱን የገፋበትም የሕንፃን ወይም የፋብሪካን የኃይል ብክነት የሚመረምር መሐንዲስ ይሆናል።

ሆኖም ሙያው አንድ መራራ ትምህርት ትቶልናል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር ኢርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ 632 የሙቀት መከላከያ ሠራተኞችን አጥንተው፣ በአስቤስቶስ ብናኝ የተነሣ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሚጠበቀው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ አሳዩ። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛን በአግባቡ ማድረግ ሊሆን ይገባል፤ ያረጀ የአስቤስቶስ ሽፋንንም ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም።

ሮቢት ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣትም፣ በቀትር ከቤቱ የሚሰደድ ነዋሪም አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ዕውቀት ከሣር ከዳኙ እጅና ከፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ አብሮ ይገኛል። የቀረው ለሙያው ስም ሰጥቶ፣ አሠልጥኖና መዝኖ ወደ ሥራ ማሰማራት ነው።