ጠባቡ ሐዲድና ወዳጆቹ

ጁባ የባቡር ሐዲድ የላትም። በአትላባራ ሰፈር በኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሚታየው ሸቀጥ አብዛኛው ሞምባሳ ወደብ ወርዶ፣ ኡጋንዳን አቋርጦ፣ በኒሙሌ ድንበር በከባድ መኪና የሚገባ ነው። ሐዲድ ግን ከተማዋን ከሩቅ ከቧታል። ከሱዳን የተነሣው መስመር በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዋው ደርሶ ቆመ። የኡጋንዳው በ1960ዎቹ እስከ ጉሉና ፓክዋች መጥቶ ከዚያ አላለፈም። በምሥራቅ ደግሞ የእኛው አሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር አለ። ሦስቱም ጠባብ ሐዲድ ይባላሉ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት መደበኛ ከሚባለው 1,435 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። የሱዳኑ 1,067፣ የኡጋንዳውና የኢትዮጵያው ደግሞ ልክ 1,000 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያለውን ሐዲድ ከልባቸው የሚወዱ፣ በየአገሩ እየዞሩ የሚለኩ፣ ቤታቸው ውስጥ በትንሹ ሠርተው የሚያስኬዱ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ላዩን ላየው ሰው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ጠባብ ሐዲድ ከድህነት የመጣ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተወሰነ ነገር መሆኑን በደንብ የገባቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ኩርባ ላይ ይገኛል። የባቡር ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ ወፍራም ብረት ጫፍና ጫፍ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ እንደ መኪና ጎማ አንዱ ፈጠን ሌላው ዘግየት ብሎ መዞር አይችሉም። ሐዲዱ ሲታጠፍ ግን የውጭው ብረት ከውስጡ ይረዝማል። መስመሩ ሩብ ክብ ሲዞር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 1.57 ሜትር ገደማ ነው፤ በመደበኛው ስፋት 2.25 ሜትር ይሆናል። የመንኮራኩሩ ፊት ወደ አንድ ወገን ሾጠጥ ብሎ መሠራቱ ይህን ልዩነት በከፊል ያካክሳል፤ የቀረው ግን በመንሸራተትና ብረቱን በመብላት ይከፈላል። ስለዚህ ሐዲዱ በጠበበ ቁጥር ባቡሩ ጠበቅ ያለ ኩርባ ይችላል። ጠበቅ ያለ ኩርባ የሚችል ባቡር ደግሞ ተራራውን መብሳት ሳያስፈልገው እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ የሚቆፈረው አፈር፣ የሚፈነዳው ድንጋይ፣ የድልድዩ ብረት ሁሉ ይቀንሳል። ይህ ቁጠባ በነጻ አይገኝም፤ የሚከፈለው በፍጥነት ነው። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የገባ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት አደጋ፣ ይህ ዋጋ ሲዘነጋ የሚመጣውን አሳይቷል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ የእኛውን መስመር የመዘርጋት ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በአንድ ሜትር ስፋት እንኳ የሐረር ተራራ አልተቻለም፤ መስመሩ ከግርጌው አልፎ በ1902 ሜዳው ላይ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ወለደ። ኩባንያው ከሠረ በኋላ በ1908 በሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሃያ ዓመት የፈጀውና አንድ ኩባንያ የበላው ይህ መስመር በሰፊው ሐዲድ ቢታሰብ ኖሮ ከድሬዳዋ ማለፉን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሮጣል፤ አሮጌው በቀናት ይጨርሰው የነበረውን መንገድ በሰዓታት ይጨርሳል፤ ታዲያ ጠባቡ ጊዜው አላለፈበትም ወይ? ንጽጽሩ ግን ስፋትን ከስፋት ጋር ሳይሆን መቶ ዓመት ያረጀን ሐዲድ ከትናንት ወዲያ ከተሠራ ጋር ነው። በምሥራቃዊ ስዊዘርላንድ ተራሮች የሚሠራው የሬቲያ ባቡር ስፋቱ ልክ እንደ ድሬዳዋው አንድ ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ በ2008 ከመስመሮቹ ከፊሉ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ በ2022 ደግሞ መቶ ተሳቢ ቀጥሎ አስኪዷል። የጃፓን ነባር መስመሮች አብዛኞቹ፣ ልክ እንደ ሱዳን፣ 1,067 ሚሊ ሜትር ናቸው። በዚሁ ስፋት ደቡብ አፍሪካ ከሲሸን ወደ ሳልዳንያ ወደብ ከ300 ፉርጎ በላይ የሚጎትት የብረት ማዕድን ባቡር ታሰማራለች። የእኛን መስመር የጎዳው በ1977 በኦጋዴን ጦርነት የፈረሱት ድልድዮች፣ እርጅናና የጥገና ገንዘብ ማጣት ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንዱ ሜትር ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። የዋው መስመርና የኡጋንዳው መስመር ተቀጥለው ጁባ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ የሌላውን ፉርጎ መቀበል አይችልም። ልዩነታቸው 67 ሚሊ ሜትር፣ አራት ጣት ቢሆን ነው፤ ግን ለዚያ አራት ጣት ሲባል ጭነቱ ሁሉ ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው መጫን አለበት። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሁለቱም ጠባቦች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ችግሩን የፈጠረው ጠባብነት ሳይሆን አለመስማማት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር በራሱ ክር ተለክቶ በመሠራቱ ነው። በ2012 የተጀመረው ከላሙ ወደብ ወደ ደቡብ ሱዳንና ኢትዮጵያ የሚዘረጋ ኮሪደር ዕቅድ መደበኛውን ስፋት የመረጠውም በአንድ ልክ ለመገናኘት ነው፤ እኔም በዚህ ምርጫ ጥል የለኝም።

ወዳጆቹ ታዲያ ምን ይጠቅማሉ? በ1951 በዌልስ ሊዘጋ የነበረውን የታሊሊን ጠባብ ባቡር በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ማስኬድ ቀጠሉ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሥራ ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ከምጽዋ አሥመራ 118 ኪሎ ሜትር የሚወጣው የ950 ሚሊ ሜትር መስመር በኤርትራ ጦርነት ፈርሶ ሐዲዱ ለምሽግ ውሏል። ከ1994 ጀምሮ ኤርትራውያን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞቻቸውን ጠርተው፣ ብረቱን ከየቦታው ሰብስበው፣ በ2003 አሥመራ አደረሱት። በ1930ዎቹ የተሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮችና ሊቶሪና የሚባለውን ባለሞተር ባቡር ለማየት ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡት እነዚሁ የጠባብ ሐዲድ ወዳጆች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሙያውን በእጃቸው ባያቆዩት ኖሮ ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቶ ያን መስመር መመለስ ከባድ ነበር።

የሞዴል ባቡርም ይኸው ሙያ በትንሹ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ልክ አንድ ለ87 ነው፤ የአንድ ሜትር ሐዲድ በዚህ ልክ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በገበያ የሚሸጠውም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መስመር በሙሉ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ይፈጃል፤ ዳገቱም 27 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው የግድ ይመርጣል፦ አዋሽ ድልድይን ወይስ የ1929ኙን የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ? ምርጫው መለካትን፣ መለካቱም መረዳትን ያስከትላል። የሀብታም ቅብጠት ነው የሚል ካለ፣ ሞተር ያለው የስዊስ ሞዴል በእርግጥ ውድ ነው፤ ካርቶን፣ የቆርቆሮ ቁራጭና ማስመሪያ ግን አትላባራም አይጠፋም። የቅኝ ገዥ ናፍቆት ነው ለሚል ደግሞ፣ ገንዘቡና ፕላኑ ከውጭ ቢመጣም ድንጋዩን የፈለጠው፣ በድሬዳዋ ወርክሾፕ መንኮራኩር የጠረበውና መስመሩን ለአሥርታት ያስኬደው በአብዛኛው የአገሬው እጅ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ያን እጅ የረሳው ናፋቂው ሳይሆን ፉርጎውን በኪሎ የሚሸጠው ነው።

ጁባ ያላችሁ የድሬዳዋ፣ የአዋሽና የመተሐራ ልጆች፣ ከዘመዶቻችሁ መካከል በምድር ባቡር የሠራ ካለ ደውሉለት። የፍሬን አያያዙን፣ የፉርጎውን ርዝመት፣ የጣቢያዎቹን ተራ ጠይቁትና በቁጥር ጻፉት። የቆየ ቲኬት፣ ፕላን ወይም የሥራ መታወቂያ በእጃችሁ ካለም ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት።