የ143ኛው ጎዳና ልጅ
ክፍል ሦስት፦ መብረቁ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው አልቲያ ጊብሰን ከፎረስት ሂልስ የቴኒስ ሜዳ ደጃፍ ውጭ እንደቆመች ነበር። ከ1947 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የጥቁሮቹን ብሔራዊ ሻምፒዮና በየዓመቱ ብትወስድም፣ የአሜሪካ ሻምፒዮና ግን አይጠራትም። ደንቡ ላይ «ጥቁር አይግባ» የሚል ቃል የለም። ለመጋበዝ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ የሚለቀመው ደግሞ ጥቁር በማያስገቡ ክለቦች ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ክልከላ ከተጻፈው ይከፋል፤ ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አይገኝለትም።

በሐምሌ 1950 አሊስ ማርብል ብዕሯን አነሳች። ነጭ ናት፤ አራት ጊዜ የአሜሪካ፣ አንድ ጊዜ የዊምብልደን ሻምፒዮን የነበረች። «አሜሪካን ሎውን ቴኒስ» መጽሔት ላይ የገዛ ወገኖቿን ግብዞች አለቻቸው፤ ልጅቷ ከተሸነፈችም ሜዳ ላይ ትሸነፍ አለች። የጥቁሮቹ የቴኒስ ማኅበር ሰዎችም ሲወተውቱ ከርመው ነበር። በሩ ተከፈተ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ 23ኛ ዓመቷን በደፈነች በቀናት ውስጥ፣ አልቲያ ኒውዮርክ ፎረስት ሂልስ ገባች። በመጀመሪያው ግጥሚያ ባርባራ ናፕን 6ለ2፣ 6ለ2 ሸኘቻት። በማግስቱ የደረሰቻት ግን ሉዊዝ ብራፍ ናት። በተከታታይ ሦስት ዓመት ዊምብልደንን የወሰደች!

የመጀመሪያው ዙር ለወሬም አይመች፦ 6ለ1፣ ለብራፍ። የአልቲያ እጅ ተሳስሮ ነበር። በሁለተኛው ግን ያ የሃርለም ሰርቭ ተፈታ። ረጅሟ ልጅ ኳሷን መትታ ወዲያው ወደ መረቡ ትሮጣለች፤ ብራፍ የመለሰችውን አየር ላይ ትቀልበዋለች። 6ለ3፣ ለአልቲያ። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሳ።

ሦስተኛው ዙር አንገት ለአንገት ነበር። ያኔ ታይብሬክ የሚባል የለም፤ በሁለት ጌም ሳይበልጡ ማሸነፍ የለም። 5ለ5፣ 6ለ6። አልቲያ አንድ ጌም ጨመረች፤ 7ለ6። አንድ፣ አንድ ብቻ ቀራት።

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ነጎድጓዱ ሲወርድ ተመልካቹ መጠለያ ፍለጋ ተራወጠ። ከስታዲየሙ አናት ላይ ከተደረደሩት የድንጋይ ንስሮች አንዱን መብረቅ መትቶ ጣለው። ዝናቡ ሣሩን አጥለቀለቀው፤ ዳኞቹም ጨዋታው ለነገ እንዲያድር ወሰኑ።

ደክማ የነበረችው ብራፍ የምታርፍበት ሌሊት አገኘች። አልቲያስ? የጋለው ክንዷ በርዶ፣ አንዲቱን ጌም እያሰበች እንዴት ታድር ይሆን?

ውጤቱን የምታውቁ አንባብያን፣ አደራ፣ ለጎረቤታችሁ እንዳትነግሩ። የሳምንት ሰው ይበለን።

ይቀጥላል