የምታጠባ እናትና የ«እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ጠላ

ሕፃን ታቅፈሽ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወጥተሻል እንበል። ከእናቶቻቸው ጋር እዚያ የኖሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ቤት ስትደርሺ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ቢራው በሳጥን መጥቷል። አንዷ «ጠጪ እንጂ፣ ወተት ያመጣል!» ትልሻለች። ልጁም ጡት ይፈልጋል። ምን ይሻላል?

ጨርሶ ባትጠጪ ይመረጣል። አንድ ብርጭቆ ቀመስሽ ተብሎ ግን ጡት አይጣልም፤ ሰዓት መጠበቅ ነው።

አልኮል ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ወተት ይገባል። በደምሽ ያለው መጠን በወተትሽ ካለው ጋር ይቀራረባል። ከጠጣሽ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይበረታል፤ በልተሽ ከጠጣሽ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ ጉበትሽ ደሙን ሲያጠራ ወተቱም አብሮ ይጠራል። ለአንድ ጠርሙስ ቢራ (330 ሚሊ ሊትር) ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ከሆነ ጊዜውም እጥፍ ነው።

«አልቤ ብደፋውስ?» ጡትሽ ተወጥሮ ካስቸገረሽ አልቢው። ደምሽ ካልጠራ ግን የሚተካውም ወተት ያው ነው። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፋጥነውም።

ስለዚህ መጀመሪያ አጥቢ፣ ከዚያ ጠጪ። ወይም ቀድመሽ አልበሽ በንጹሕ ዕቃ ክደኚው። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ለጡጦ ገንዘብ አታውጪ፤ በንጹሕ ሲኒ ይጠጣል።

አስቸጋሪው ጠላው ነው። የቢራው መጠን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ የጠላው ግን እንደ ጠማቂዋ ነው። ቅራሪና ፊልተር ጠላ በፍጹም አይወዳደሩም። አንድ ብርሌ ጠጅ ከአንድ ቢራ ሊበልጥ ይችላል። ትንሿ የአረቄ መለኪያም የአንድ ቢራ ያህል አልኮል ትይዛለች፤ እኔ ብሆን አረቄውን አልነካውም። ደግሞ ማረሚያ ቤት መጠጥ አይፈቀድምና ሰውነትሽ መጠጥ መልመዱን ትቷል። ድሮ ምንም የማይልሽ አንድ ብርጭቆ ዛሬ ሊያዞርሽ ይችላል።

ወተት ያመጣል የሚባለውስ? መጠጡ የሚሠራበት ገብስ ወተት የሚያሠራውን ሆርሞን (በደም የሚሄድ የሰውነት መልእክተኛ) ሊያነሣሣ ይችላል። አልኮሉ ግን ወተቱን ገፍቶ የሚያወጣውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሌላ ሆርሞን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ እናቶቻቸው አልኮል የጠጡ ሕፃናት ያገኙት ወተት ቀንሶ ተገኝቷል። የተፈለገው ገብሱ ከሆነ ገንፎ አለልሽ።

ልጁ ገና ሦስት ወር ካልሞላው ወይም ያለ ጊዜው ከተወለደ ጠላው ይቅርብሽ፤ ጉበቱ አልጠነከረም። የጠጣሽ ሌሊት አንድ አልጋ ላይ አታስተኚው። በእንቅልፍ ልብሽ ልትጫኚው ትችያለሽ። ያልጠጣ ሰው አጠገቡ ይደር፤ ይህን ለእህትሽ ወይም ለእናትሽ ድግሱ ሳይጀመር ንገሪ።

ልጁ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ቀስቅሰሽው ጡት አልይዝ ካለ ወይም ከዛለ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ምን ያህል እንደጠጣሽና በስንት ሰዓት እንደሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ።