ጥይት የሚወጣበት፣ እሳት የሚወርድበት

የአዮዋ ምድብ የሚባሉት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ትልቁ መድፋቸው ይተኩሰው የነበረው ብረት በሺ ጥይት 1,225 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከ12 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ጥይቱ ይቀመጥ የነበረው መድፉ አጠገብ አይደለም። የጠላት ምት እንዳያገኘው ከመድፉ ብዙ ወለል ዝቅ ብሎ፣ ወፍራም ብረት በከበበው የመርከቡ ሆድ ውስጥ ነበር። መድፉ ደግሞ በደቂቃ ሁለት ይፈልግ ነበር።

ለጉልበቱ ጥያቄ ሞተርና የዘይት ግፊት ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ሰጥተውታል። መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው፤ ጥይት ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ እሳት ወደ ታች የሚወርድበትም መንገድ ነው።

ሦስት መድፍ የተሸከመውና ከውጭ የሚታየው ተሽከርካሪ የብረት ቤት ቱሬት ይባላል። የምናየው ግን ጫፉን ብቻ ነው፤ የቀረው ወለል በወለል እየወረደ እስከ መርከቡ ታች ይደርሳል። በውጊያ ጊዜ በአንድ ቱሬት ውስጥ ከ70 በላይ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ባሕሩንም መድፉንም አያዩም ነበር።

ጥይቶቹ ክብ በሆኑ ወለሎች ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እንዳይወድቁ ታስረው ይጠብቃሉ። ተራው የደረሰውን ማንም አያነሳውም፤ ይጎትቱታል እንጂ። ባሕረኛው በጥይቱ ወገብ ገመድ ያዞርና ሌላውን ጫፍ በሞተር በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይጠመጥመዋል። ገመዱን ጠበቅ ሲያደርገው ከበሮው ይስባል፣ ላላ ሲያደርገው ይተዋል። ዘይት በተቀባው ብረት ላይ 12 ኩንታል ቆሞ ይንሸራተትና የማንሻው አፍ ዘንድ ይደርሳል። በሚናወጥ መርከብ ላይ ይህን ማድረግ ከማንኛውም ማሽን ይልቅ የእጅ ጥበብ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው የማሽን ሥራ ነው። ጥይቱ በቱቦ ውስጥ እንደቆመ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ በየደረጃው የብረት ጥርስ ስለሚይዘው ኃይል ቢቋረጥም ተመልሶ አይወርድም።

ባሩዱ በሌላ መንገድ ይመጣል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥይቱን ቢሆንም፣ ከመድፍ እስኪወጣ ድረስ ጥይቱ ብዙም አያስቸግርም። ብልጭታ የሚበቃው ባሩዱ ነው። ለአንድ ተኩስ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ ስድስት የሐር ከረጢቶች ያስፈልጋሉ። ከባሩድ መጋዘኑ በእጅ እየተቀባበሉ፣ ነበልባል በማያሳልፍ ጠባብ መስኮት በኩል ወደ ማንሻው ክፍል ይገባሉ፤ ከዚያ ተዘግቶ በሚወጣ ሣጥን ተጭነው ወደ መድፉ ይሄዳሉ። በየመንገዱ በር አለ። በሮቹ የተሠሩት ከመድፉ እስከ መጋዘኑ ያለው መንገድ በአንድ ጊዜ ወለል ብሎ እንዳይከፈት ነው።

ትንሹ መድፍ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ምጽዋ ላይ የነበረችው የባሕር ኃይላችን መርከብ «ኢትዮጵያ»፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የተገኘችው የቀድሞዋ «ኦርካ»፣ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራት። የዚህ መድፍ ጥይት 25 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ ሰው አቅፎ ያጎርሰዋል። እዚያም ቢሆን ጥይትና ባሩድ ለየብቻ ነው የሚመጡት።

የበሮቹ ነገር በደም የተገኘ ትምህርት ነው። በጥር 1915 እ.ኤ.አ. በዶገር ባንክ ውጊያ የእንግሊዝ ጥይት የጀርመኑን የጦር መርከብ «ዛይድሊትስ» የኋላ ቱሬት መታ። ከታች ያሉት ሰዎች ለማምለጥ ወደ ጎረቤት ቱሬት የሚያሻግረውን በር ከፈቱ፤ እሳቱ ተከትሏቸው ገባና ሁለቱም ቱሬቶች ነደዱ። 160 ያህል ሰው ሞተ። መርከቡ የዳነው መጋዘኖቹ በባሕር ውኃ ስለተሞሉ ነው። ጀርመኖች ከዚያ በኋላ ከመጋዘን የሚወጣውን ባሩድ ቀነሱ።

እንግሊዞች በተቃራኒው ሄዱ። ፈጥኖ መተኮስ ያሸንፋል ብለው ስላመኑ፣ የመጋዘን በሮችን ክፍት አድርጎ ባሩድ በማንሻው ዙሪያ መከመር በአንዳንድ መርከቦች የተለመደ ሆነ። በግንቦት 31 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. በዩትላንድ ውጊያ የእንግሊዝ መርከቦቹ «ኢንዲፋቲገብል»፣ «ኩዊን ሜሪ» እና «ኢንቪንሲብል» ተራ በተራ ፈነዱ። በሦስቱ ከ3,300 በላይ ሰዎች ሲያልቁ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእንግሊዝ አዛዦች አንዱ ዴቪድ ቢቲ የነበሩባት «ላየን»ም ቱሬቷ ተመትቶ ነበር። ሜጀር ፍራንሲስ ሃርቪ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው መጋዘኑ በውኃ እንዲሞላ አዘዙ። «ላየን» ተረፈች፤ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለው የጀግንነት ሜዳሊያ ተሰጣቸው።

ማሽኑ በዚያ ቀን አልተሰበረም። ሰው ነው ያፈጠነው።

ችኮላ ወደብ ላይም አለ። በካሊፎርኒያ ፖርት ቺካጎ ጥይት መርከብ ላይ የሚጭኑት መርከበኞች አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ስለ ጥይት አያያዝ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። መኮንኖቹ ደግሞ ማን በሰዓት ብዙ ቶን ይጭናል እያሉ ያፎካክሯቸው ነበር። ሐምሌ 17 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ምሽት በመጫን ላይ የነበረው መርከብ ፈነዳ፤ 320 ሰው ሞተ። ወደዚያ ሥራ አንመለስም ካሉት ውስጥ 50ዎቹ በአመፅ ተፈረደባቸው፤ የባሕር ኃይሉ ፍርዱን የሻረው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በራሷ በ«አዮዋ» ሁለተኛው ቱሬት ውስጥ ባሩድ እየተጎረሰ ሳለ ነደደ። 47 መርከበኞች ሞቱ። የባሕር ኃይሉ በመጀመሪያ አንዱን ሟች በሴራ ከሰሰ፤ ማስረጃ አጥቶ በ1991 ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቀ። የሳንዲያ ቤተ ሙከራ ሳይንቲስቶች ደግሞ ባሩዱ ከሚገባው ፍጥነት በላይ ከተገፋ ሊቀጣጠል እንደሚችል በሙከራ አሳዩ። ነበልባሉ በቱሬቱ ውስጥ ወለል በወለል ወረደ። ከታች፣ መጋዘኑ አካባቢ የነበሩት 12 ሰዎች ግን በሮቹ ተዘግተው ስለነበር ከባድ ጉዳት ሳይደርስባቸው ወጡ።